«የዕድሜ ልክ ዋይትቦርድ» ከቴሌግራም ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ደባል ሆናችሁ እንዳትገቡ

ሰኞ ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ማታ ሦስት ሰዓት አካባቢ፣ የቡድናችንን ዋይትቦርድ፣ ማለትም ሁላችንም በኢንተርኔት አብረን የምንጽፍበትንና የምንስልበትን ሰሌዳ፣ ልከፍት ሊንኩን ነካሁት። ያ በቢጫና በአረንጓዴ ስቲኪ (ተለጣፊ ማስታወሻ) ጢም ያለው ሰሌዳችን አልመጣም። የመጣው ባዶ ነጭ ገጽ ነው፤ መሃሉ ላይ የቁልፍ ስዕል፣ ከሥሩ ይህን ቦርድ ለማየት ፈቃድ የለዎትም የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ፣ ዝቅ ብሎ ደግሞ ፈቃድ ይጠይቁ የሚል ሰማያዊ በተን። ጠየቅኩ። አራት ወር የለፋሁበትን ሥራ ለማየት ፈቃድ ጠየቅኩ። ጥያቄው የሄደው አይቼው ወደማላውቀው ኢሜይል ነው፤ የውጭ አገር ትምህርት ቤት አድራሻ ይመስላል። እስከ ዛሬ መልስ የለም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ደንበኛችን ያንኑ ቦርድ ሊያይ ቀጠሮ ይዞ ነበር።

የምጽፈው ለማልቀስ አይደለም፤ እሱን ጨርሻለሁ። ሰሞኑን «ፕሪሚየም ዋይትቦርድ፣ የዕድሜ ልክ፣ ለሙሉ ቡድን» የሚል ማስታወቂያ በየቻናሉ ሲዞር እያየሁ ዝም ማለት ስላቃተኝ ነው።

እኛ ሰባት ነን። ሦስታችን አዲስ አበባ፣ ሁለቱ ሀዋሳ፣ አንዱ አዳማ፣ አንዱ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ። የሞባይል መተግበሪያ ዲዛይን እንሠራለን፤ ቢሮ የሚባል ነገር የለንም። ቢሮአችን ዋይትቦርዱ ነው። አንዱ ሀዋሳ ሆኖ ስቲኪ ሲለጥፍ ሌላው ከአሜሪካ ቀስት ይስባል፤ የማን ሐሳብ የት እንደደረሰ ሁላችንም በአንድ ዓይን እናያለን። ይህን የለመደ ቡድን ተመልሶ በቴሌግራም ግሩፕ ድምፅ እየላከ መሥራት አይችልም።

ድሮ የምንጠቀመው የጉግልን ጃምቦርድ ነበር። ነጻ ነው፣ ቀላል ነው፣ በአንድ ፋይል ከ20 ገጽ በላይ አይፈቅድም እንጂ ለእኛ በቂ ነበር። ጉግል ሊዘጋው እንደሆነ በመስከረም 2016 ተናገረ፤ በመስከረም 2017 ማየት ብቻ እንጂ መጻፍ የማይቻል ሆነ፤ ታኅሣሥ 22 ቀን 2017 (በፈረንጆቹ ዲሴምበር 31፣ 2024) ጭራሽ ተዘጋ። ፋይላችሁን አውርዱ ተብሎ ከአንድ ዓመት በላይ ጊዜ ተሰጥቷል፤ በዚህ የማማው ሰው የለም። እኛ ግን እንደ ልማዳችን የመጨረሻዋን ሳምንት ጠብቀን መሯሯጥ ጀመርን። ጥር ላይ ሰሌዳ የለንም፣ ሥራ ግን አለን።

የወደድነው መሣሪያ ያኔ ለአንድ ሰው በወር 8 ዶላር ይል ነበር። ለሰባት ሰው 56 ዶላር። የብር ምንዛሪ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዶላሩ ከእጥፍ በላይ ወጥቷል፤ በወቅቱ የባንክ ዋጋ ስናሰላው በየወሩ ወደ 7,000 ብር። ብሩስ ተዋጥቶም ይገኝ ይሆናል፤ በምን ካርድ ነው የምንከፍለው? የብር ካርዳችንን ድረ ገጹ አይቀበለውም። የዚህ አገር ፍሪላንሰር ሁሉ ይህን ግድግዳ ያውቀዋል። እነዚህ ሻጮችም ሱቃቸውን የከፈቱት እዚሁ ግድግዳ ሥር ነው።

ቻናሉን አንዲት ጓደኛዬ ፎርዋርድ አደረገችልኝ። 3,500 ብር፣ አንዴ ተከፍሎ ያለቀ፣ እስከ አሥር ሰው። ክፍያ በቴሌብር። ሻጩ ትሑት ነው፤ «እህቴ» ይላል፣ በአምስት ደቂቃ ይመልሳል። ቻናሉ ላይ የደንበኛ ምስጋና በስክሪንሾት ተደርድሯል፤ ኮሜንት መጻፊያው ግን ዝግ ነው። ያኔ ይህን ልብ ባልኩት ኖሮ!

«እርግጠኛ ነህ፣ የዕድሜ ልክ ነው?» አልኩት።

«የዕድሜ ልክ እህቴ፣ ሐሳብ አይግባሽ።»

የማን ዕድሜ እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

ብሩን እንደላክሁ ሰባታችንም ኢሜይል ላይ የግብዣ ሊንክ መጣ። ገባን። ቦርድ ያለ ገደብ፣ ቴምፕሌቱ (ተዘጋጅቶ የሚቀርበው ቅጽ) ሁሉ ክፍት፣ የሚቆጥር ሰዓት፣ ድምፅ መስጫ፣ ምን ቅጡ። አራት ወር ሙሉ እንከን አልወጣለትም። ሰውን አስጠንቅቄ የማሳምንበት መንገድ የጠፋኝም ለዚሁ ነው፤ «እኔ ገዝቼ እየሠራልኝ ነው» የሚለኝ ሰው አይዋሽም። እኛም እንደዚያው እንል ነበር። እንዲያውም ለሁለት ጓደኞቼ ቻናሉን ጠቁሜያለሁ፤ ይቅርታ ጠይቄያቸዋለሁ።

የካቲት ላይ አንድ ምልክት አይተን ነበር። ከራሳችን ቦርዶች መሃል የማናውቀው ቦርድ ተሰድሮ አገኘነው። ከፈትነው፤ የሰርግ ዕቅድ ነው። እሑድ ግንቦት 24፣ የአዳራሽ ቀብድ፣ የዲጄ፣ የካሜራ፣ የበሬ። ጠረጴዛዎቹ ክብ ክብ ሆነው ተስለዋል፤ በየክቡ ውስጥ የተጋባዥ ስም በስቲኪ ተለጥፏል። አንዱ ክብ ጥግ ላይ ቀይ ስቲኪ አለ፤ «እትዬን ከጋሼ ወንድም ጋ እንዳታስቀምጧቸው!!» ይላል። በሳቅ ሞትን። ስክሪንሾት አንስቼ ግሩፓችን ላይ ለጠፍኩት፤ የሳምንት ቀልድ ሆነ። ስብሰባ ላይ ሁለት ሰው በተከራከረ ቁጥር «እትዬንና የጋሼን ወንድም ለዩልን» ይባል ጀመር።

ከሰባታችን አንዳችንም «እኛ የነሱን ካየን፣ እነሱስ የኛን?» አላልንም።

የኛ ቦርድ ላይ የነበረው ደግሞ የሰርግ ቀልድ አልነበረም። ለአንድ የቁጠባና ብድር መተግበሪያ ብለን ሀዋሳ ገበያ ላይ 34 ነጋዴዎችን አነጋግረን ነበር። ማን ስንት እንደሚቆጥብ፣ ማን ዕዳ እንዳለበት፣ ዕቁቡን ማን እንደበላው፣ ሁሉም በቢጫ ስቲኪ ተጽፏል፤ ለአንዳንዶቹ መልሰን ለመደወል ብለን ስልክ ቁጥራቸውን ከጎን አስፍረናል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ሰው አምኖን የነገረንን ለማናውቀው ሰው ሰሌዳ ላይ የለጠፍነው እኛው ነን፤ ነጋዴዎቹ ቢከሱን ሻጩ የላከውን «ሐሳብ አይግባሽ» ለዳኛ ላሳይ አልችልም። ከ3,500 ብሩም ከአራት ወር ልፋቱም ይልቅ እስካሁን ሌሊት የሚቀሰቅሰኝ ይሄ ነው።

ወደዚያች ሰኞ ማታ ልመለስ። ለሻጩ ጻፍኩለት። «ሲስተም ላይ ችግር አለ እህቴ፣ እስከ ነገ ይስተካከላል» አለ። ማክሰኞም ያንኑ አለ። ረቡዕ ዓይኑን በጨው አጥቦ «አዲስ አካውንት ልስጥሽ፣ 1,500 ብቻ ጨምሪ» አለኝ። «ቦርዶቻችንስ?» ብዬ ላክሁ። አንድ ራይት። ሁለተኛው ራይት አልመጣም፤ የፕሮፋይል ፎቶውም ጠፋ። ብሎክ ተደርጌያለሁ።

ለመሣሪያው ባለቤት ድርጅት ጻፍን። በሁለት ቀን መለሱ፤ ቦርዶቹ የቲሙ (መሣሪያው ላይ የተከፈተው የቡድን አካውንት) ባለቤት ንብረት ስለሆኑ ከእሱ ውጭ ለማንም አሳልፈን መስጠት አንችልም አሉ። አልፈርድባቸውም። እነሱ መዝገብ ላይ እኛ ደንበኛ አይደለንም፤ አንድ ሳንቲም ከፍለናቸው አናውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እነዚህ መሣሪያዎች ለመምህራንና ለተማሪዎች በነጻ የሚሰጡት የትምህርት ፈቃድ አላቸው። ሻጩ በሆነ መንገድ የመምህር ኢሜይል ያገኛል፣ በእሱ አንድ ነጻ «ቲም» ይከፍታል፣ ከዚያ የዚያን ቲም ወንበር ለየሰው ይቸበችባል። በነጻ የተሰጠውን ነው በ3,500 የሸጠልን። ዘግይቼ አንድ የተረፈኝ የድሮ ስክሪንሾት ጥግ ላይ ሳጎላ፣ ቲሙ ውስጥ 63 ሰው እንዳለ ተጽፏል። ሰባታችን ቤት የተከራየን መስሎን ነበር፤ ለካ 63 ሰው በአንድ ክፍል የገባ ደባል ነው። አከራዩ ራሱ የሰው ቤት ሰብሮ የገባ፤ የቤቱ ባለቤት አንድ ቀን ብቅ ብሎ ቁልፍ ሲቀይር ሁላችንም ውጭ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሲባል ስለ ክላውድ፣ ስለዚያ «ደመና» ስለሚሉት የኢንተርኔት ማከማቻ፣ መሆኑ ያኔ ገባኝ።

ሌላም ዓይነት አለ ይባላል፤ በተሰረቀ ካርድ የተከፈለ፣ ወይም የአንድ ወር መሞከሪያውን የዕድሜ ልክ ብሎ የሚሸጥ። የአከፋፈቱ ይለያይ እንጂ አዘጋጉ አንድ ነው።

እንግዲህ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፦ ቲሙ የተከፈተው በማን ኢሜይል ነው? መልሱ «የራሳችሁ» ካልሆነ ወሬው እዚያ ያልቃል። ቀድሞ የገባችሁም ካላችሁ አሁኑኑ የቲሙን ሴቲንግ ክፈቱና ከስማችሁ ጎን ምን እንደተጻፈ እዩ። ኦነር (ባለቤት) ወይም አድሚን (አስተዳዳሪ) ካላለ፣ ሜምበር (አባል) ወይም ጌስት (እንግዳ) ካለ፣ እንግዳ ናችሁ። የክፍያው ገጽ፣ ቢሊንግ የሚለው፣ ለእናንተ ካልታየ የመሣሪያው ደንበኛ እናንተ አይደላችሁም፤ ደረሰኝም በስማችሁ የለም። የአባላቱን ዝርዝር ደግሞ ቁጠሩ። እኛ አራት ወር ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳን ያልነካናት በተን እሷ ናት።

ደባል መሆናችሁን ካወቃችሁ ከሻጩ ጋር ጭቅጭቅ አትጀምሩ፤ በአንድ ንክኪ ያስወጣችኋል። ዝም ብላችሁ እያንዳንዱን ቦርድ በፒዲኤፍ ወይም በምስል አውርዱ፣ ስቲኪዎቹን ወደ ሰነድ ገልብጡ፣ የሰው ስምና ስልክ ያለበትን አጥፉ፤ ከዚያ ውጡ። ይሄ ቅደም ተከተል ለኛ በጊዜው ቢነገረን ኖሮ ማክሰኞ ጠዋት ደንበኛ ፊት ባልተርበተበትን።

ማክሰኞ እውነቱን ነገርነው። አንድ ሳምንት ሰጠን፤ ሰውየው ጨዋ ነው። የሀዋሳዋ ልጅ ቃለ መጠይቁን መጀመሪያ በደብተር ነበር የምትጽፈው፤ «አንቺ የድሮ ሰው» እያልን እንስቅባት ነበር። በዚያ ደብተር ነው የዳንነው። አዳማ ያለው ልጅ ደግሞ ዳታ እንዳይበላበት ቦርዱን በስልኩ ስክሪንሾት እያነሳ ነበር የሚያነበው፤ ከእሱ ስልክ አሥራ አንድ ምስል ተገኘ። ፍሰቱን ግን፣ ያን ከስቲኪ ወደ ስቲኪ የሚሄደውን ቀስት ሁሉ፣ ከባዶ ነው የሠራነው። ስድስት ሌሊት።

አሁን ምን እንጠቀማለን ለምትሉኝ፦ ነጻውን፣ በራሳችን ኢሜይል። ሚሮ በነጻ አካውንት ሦስት ቦርድ ይሰጣል። ሦስት ሲባል ጥቂት ይመስላል፤ ግን ያለቀውን ሥራ አውርዶ ሰሌዳውን መጥረግ ስንለምድ በቃን። ማይክሮሶፍት ዋይትቦርድም በተራ የማይክሮሶፍት አካውንት ይከፈታል። እኔ በግሌ የወደድኩት ኤክስካሊድሮውን ነው፤ ምዝገባ የለ፣ ክፍያ የለ፣ ኮዱ ክፍት ነው፣ ደካማ ኢንተርኔት ላይም አይንገዳገድም። ሊንክ ልኮ አብሮ መሳል ይቻላል። አንድ ነገር ተጠንቀቁ፤ ብቻችሁን የሳላችሁት የሚቀመጠው ብራውዘራችሁ ውስጥ ነው፤ ብራውዘሩን ስታጸዱ አብሮ ይጠፋል፤ ስለዚህ ፋይሉን ኮምፒውተራችሁ ላይ ሴቭ አድርጉ። የውጭ ምንዛሪ ሂሳብ ኖሮት ዓለም አቀፍ ካርድ ያለው ወይም ውጭ አገር የሚኖር የቡድን አባል ካላችሁ ደግሞ፣ እናንተ በከፈታችሁት አካውንት ላይ እሱ በካርዱ ይክፈል፤ ከሻጭ የሚለየው ቁልፉ እናንተ እጅ መሆኑ ነው። እውነተኛ ተማሪ ወይም መምህር የሆነ ሰው ደግሞ ለማንም አምስት ሳንቲም ሳይከፍል የትምህርት ፈቃዱን ራሱ ይጠይቅ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ የቡድናችን ሥራ የሚያልቀው በማውረድ ነው። ማን እንደሚያወርድ ተራ አለው፤ የዚህ ሳምንት ተረኛ እኔ ነኝ።

ቻናሉ አሁንም አለ። ትላንት በሌላ ስልክ ገብቼ አየሁት፤ ዋጋው 2,900 ወርዷል፣ ኮሜንቱ እንደተዘጋ ነው።

በመጨረሻ፣ ግንቦት 24 ሰርግ የነበራችሁ፣ ያንን ቦርድ የሠራችሁ ሰዎች ይህን የምታነቡ ከሆነ፦ የናንተም ቦርድ ከኛ ጋር ግንቦት 11 የጠፋ ይመስለኛል፤ ሰርጉ ሁለት ሳምንት እንኳን ሳይቀረው። የጠረጴዛው አደላደል ስክሪንሾት እኔ ጋ ነበር፤ የማን እንደሆነ ባለማወቄ ላደርሳችሁ አልቻልኩም። ስለሳቅንባችሁ ይቅርታ። አሁን ከስልኬም ከግሩፓችንም አጥፍቼዋለሁ። እትዬና የጋሼ ወንድም ግን የት እንደተቀመጡ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።