ለኤሊያችን የገዛሁት መብራት፦ ከስምንት ወር በኋላ

ኤሊ መብራት ያስፈልጋታል ሲሉኝ ስቄ ነበር። ለሰውም ሄድ መጣ የሚል መብራት ለኤሊ?

እሜቴ የውሃ ኤሊ ናት፤ ከዓይኗ ኋላ ቀይ መስመር አላት። አንድ ጓደኛዬ ከጅማ ሲዛወር «ለጥቂት ቀን ያዙልኝ» ብሎ አስረክቦን ሄደ። ይኸው ሁለት ዓመቱ። እሜቴ ያሏት ልጆቹ ናቸው፣ አረማመዷን አይተው።

ባለፈው ግንቦት የቅርፊቷ ጠርዝ ሲጫኑት እንደ ጥፍር እጥፍ ማለት ጀመረ። ምግብም ቀነሰች። የእንስሳት ሕክምና የሚማር ጎረቤታችን አየና «ፀሐይ አጥታ ነው» አለኝ። መስኮት ሥር ናት እኮ! ለካ መስታወት ብርሃኑን ያሳልፋል እንጂ ዩቪቢ የሚባለውን ጨረር ያስቀረዋል። ያ ጨረር ካላገኛት ሰውነቷ ቫይታሚን ዲ3 አይሠራም። ዲ3 ከሌለ ደግሞ የምትበላው ካልሲየም አጥንቷና ቅርፊቷ ላይ አይደርስም።

ዱባይ የምትመላለስ ዘመዳችን ዕቃውን አመጣችልን። 13 ዋት የዩቪቢ አምፖል፣ 60 ዋት ማሞቂያ አምፖልና ሁለት መያዣ አለው። ዋጋውን ለባለቤቴ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።

መጀመሪያ የከዳን መያዣው ነው። በሁለተኛው ሳምንት ቤቱ ፕላስቲክ ፕላስቲክ ሸተተ። ሮጬ ብሄድ የማሞቂያው አንገት ቀልጦ እንደ ሻማ ተንጠባጥቧል። ሥሩ ውሃ ነው እንግዲህ! ያን ቀን ሶኬቱን የነቀልኩበት እጄ ሲንቀጠቀጥ ትዝ ይለኛል። በማግስቱ መርካቶ ወርጄ ሙቀት የሚችል የሸክላ መያዣ ገዛሁና በሽቦ አንጠልጥዬ አሰርኩት።

ማሞቂያው ራሱም ሐምሌን አልዘለቀም። መብራት ሄዶ ሲመጣ ቦግ አለና አለቀ። እሱ በከንቱ የወጣ ገንዘብ ነው። ዛሬ እሜቴን የሚያሞቃት የድሮው ቢጫ አምፖል ነው፤ ኤልኢዲው አይሞቅምና አይሆንም። የምትወጣበት ጡብ ላይ ያስቀመጥኩት ቴርሞሜትር 33 ዲግሪ ሲያሳይ የአምፖሉ ከፍታ እዚያው ላይ ጸና። ሙቀቱ ከበዛ ወደ ውሃው ትመለሳለች፣ ስለዚህ ገንዳውን በሙሉ አላሞቅም።

ዩቪቢው ግን ክረምቱን ይዞልናል። ፀሐይ ጭራሽ ስትጠፋ ጠዋት 1 ሰዓት አብርተን ማታ 1 ሰዓት እናጠፋ ነበር። ሲበራ ቀስ ብላ ጡቡ ላይ ትወጣለች። አንገቷን ታስረዝምና የኋላ እግሮቿን ወደ ኋላ ዘርግታ ጣቶቿን ትፈታለች። ቡና እየተፈላ እሷን ማየት የቤታችን ሥራ ሆነ። መስከረም ላይ ጠርዙን ብጫነው አልታጠፈም። የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊትም ስንሰጣት ስለከረምን ምስጋናው የአምፖሉ ብቻ አይደለም።

የሚያናድደው ይህ ነው፦ የዩቪቢ አምፖል እየበራ ይሞታል። ከስድስት ወር እስከ ዓመት ባለው ጊዜ ጨረሩ ይደክማል፣ ብርሃኑ ግን እንደነበረ ነው። በዓይን አይታወቅም። ስለዚህ የገዛሁበትን ወር ገንዳው ላይ በማርከር ጻፍኩ።

አሁን በጋ ስለሆነ አጥፍቼዋለሁ። ጠዋት ገንዳውን ግቢ እናወጣለን፣ ግማሹን በጆንያ ጋርደን። ፀሐይዋ በነፃ ናት፤ ድመት የሚጠብቅ ሰው ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ባለቤቴ ትናንት የማርከሩን ጽሑፍ አንብባ «ለግንቦት አዲስ ልንገዛ ነው ማለት ነው? ስንት ነበር ያልከው?» አለችኝ።