መጠጥ ቤት ወይስ የእሁድ ጉባኤ?

ለንደን ውስጥ ሃይማኖት የሌላቸውና ተጠራጣሪ (ያለ ማስረጃ ነገር የማይቀበሉ) ሰዎች የሚገናኙባቸው ሁለት የታወቁ መንገዶች አሉ።

በ1999 እ.ኤ.አ. የተጀመረው «ስኬፕቲክስ ኢን ዘ ፐብ» (ተጠራጣሪዎች በመጠጥ ቤት) ስሙ እንደሚለው መጠጥ ቤት ውስጥ ነው። እንግዳ ተናጋሪ ይመጣና ስለ ሆሚዮፓቲ (መድኃኒቱን እጅግ አቅጥኖ የሚሰጥ አማራጭ ሕክምና) ወይም ስለ ሴራ ወሬ ያወራል። ከዚያ እረፍት ነው፣ ቢራ ይቀዳል፣ ጥያቄ ይከተላል። ዋናው ነገር ጥያቄው ነው። «ማስረጃህ የታለ?» የሚል አይጠፋም። አማኝም ቢመጣ አይባረርም።

«ሰንደይ አሴምብሊ»ን (የእሁድ ጉባኤ) በጥር 2013 እ.ኤ.አ. የጀመሩት ሁለት ኮሜዲያን፣ ሳንደርሰን ጆንስና ፒፓ ኢቫንስ ናቸው፤ ያውም ኢዝሊንግተን በተባለ የለንደን ሰፈር ባለ የቀድሞ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ! ስለ አምላክ ስብከት የለም። ሰው ግን ቆሞ ይዘምራል፤ መዝሙሩ የታወቀ ፖፕ ዘፈን ነው። ንግግር ይደመጣል፣ ለአፍታ ጸጥ ይባላል፣ በመጨረሻ ሻይና ኬክ። ልጆችም ይመጣሉ።

«ከቤተ ክርስቲያን ወጥተን ሌላ ቤተ ክርስቲያን?» ብሎ የሚያጉረመርም ኢአማኒ አለ። አልፈርድበትም። እኔም ክርክር ሲያምረኝ መጠጥ ቤቱን እመርጣለሁ። ግን ታመው ቢተኙ ጠያቂ የሚገኘው ከየትኛው ነው? በየወሩ አብሮ ከሚዘምረው ይመስለኛል። ችግሩ፣ ጉባኤው የሙዚቃ ባንድና ብዙ በጎ ፈቃደኛ ይፈልጋል። መጠጥ ቤቱ ተናጋሪና ማይክ ካገኘ ይበቃዋል።