ኢንተርናሽናል ሰመር ካምፕ ለሃይስኩል ልጅ ያዋጣል ወይ?
ልጃችንን ልከናት ነበር፣ በኔ ግምት ያዋጣል። እንግሊዝኛው ብቻ አይደለም እሱማ ክላስም ይገኛል፣ ዋናው ነገር ዶርም ውስጥ ከሌላ አገር ልጆች ጋር ስለደባለቋት የግዷን ማውራት ነበረባት፣ ልብሷን ራሷ እያጠበች ገንዘቧን ራሷ እያብቃቃች ነው የከረመችው (እቤት እኮ ሰሃን አታነሳም!)። ያንድ አገር ልጆችን አንድ ክፍል ካጎሩ ግን በራሳቸው ቋንቋ ሲያወሩ ያልቃል፣ ይሄን ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ። ዩኒቨርሲቲ ያስገባል የሚለውን ማስታወቂያ አትመኑ፣ ካምፕ ስለሄደ ብቻ ማንም አይቀበለውም። እኔን የሚመቸኝ እንደ ሲአይኤስቪ (CISV፣ ለልጆችና ለወጣቶች ኢንተርናሽናል ካምፕ የሚያዘጋጅ ድርጅት ነው) ሴሚናር ካምፕ አይነቱ ነው፣ ከ17 እስከ 18 ዓመት ላሉ ነው፣ ፕሮግራሙንም በብዛት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው የሚያወጡት። ልጃችን የሄደችበት ካምፕ ስልክ መገደቡ ደሞ ተመችቶኛል፣ እሷ ግን እስካሁን ታማርራለች 😄