ታይዋን ገበያ የገዛሁት ፎቶዳዮድ፦ ግልጹን እንጂ ጥቁሩን እንዳትወስዱ

ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ውስጥ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚሸጥ ጠባብ ሱቅ አለ። ስሙን አልጠራም፤ ሙገሳም ወቀሳም አለኝ።

የፈለግኩት የጌም ቁልፍ ስጫን ስክሪኑ በስንት ሚሊሰከንድ እንደሚበራ የሚለካ ነገር መሥራት ነው። ባለሱቁ ገና ሳልጨርስ ኤልዲአር (ብርሃን ሲያርፍበት ሬዚስታንሱ የሚቀንስ ሴንሰር) ዘረገፈልኝ። «ሁሉም የሚወስደው ይሄን ነው አቦ!» ለበረንዳ መብራት አሪፍ ነው፤ ለዚህ ግን አይሆንም። ለብርሃን ለውጥ ምላሽ እስኪሰጥ ከ20 እስከ 30 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል፤ 60 ሄርዝ ስክሪን ደግሞ በየ16.7 ሚሊሰከንዱ ምስል ይቀይራል።

ቢፒደብሊው34 የሚባል ፎቶዳዮድ (ብርሃንን በፍጥነት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር ሴንሰር) አለ ወይ ስለው ከመሳቢያ አወጣ። ጥቁሩን! ጥቁሩ ስሙ መጨረሻ ላይ ኤፍ ያለበት ነው፤ ለሪሞት የተሠራ፣ ኢንፍራሬድ አሳልፎ የሚታየውን ብርሃን የሚያግድ። «ያው ሴንሰር ነው» ብሎ ድርቅ አለ። መልቲሜትሬን ማይክሮአምፔር ላይ አድርጌ የራሱን ስልክ ነጭ ስክሪን አስጠጋሁበት። ንቅንቅ የለም። ግልጹ ላይ ስናደርገው ቁጥሩ ተስፈነጠረ፣ እሱም ሳቀና ቀየረልኝ። እዚያው እንድትሞክሩ መፍቀዱ ትልቅ ነገር ነው፤ ሌላው ጋ ከፌስታል ካወጣችሁት ገዛችሁት ማለት ነው።

ዳዮዱ ራሱ ምርጥ ነው። ካቶድ የሚባለውን እግሩን 5 ቮልት ላይ፣ ሌላውን እግር፣ አኖዱን፣ በ10 ኪሎኦም ሬዚስተር ወደ ግራውንድ አሰርኩ፣ ከአኖዱና ከሬዚስተሩ መገናኛ ሲግናሉን ወሰድኩ፣ አለቀ። ስክሪን ላይ ሲለጠፍ ጥቂት መቶ ሚሊቮልት ይሰጣል፤ አርዱዊኖ (ፕሮግራም የሚደረገው ትንሹ ቦርድ) ያለ ችግር ያነበዋል። ሬዚስተሩን ብታሳድጉ ሲግናሉ ይጨምራል፣ ፍጥነቱ ግን ይወርዳል። ሁለቱንም የፈለገ ኦፕ-አምፕ (ሲግናል የሚያጎላ ቺፕ) ይጨምር፤ ለሚሊሰከንድ ሥራ ርካሹ ኤልኤም358 ይበቃል።

የስክሪኑን ብርሃን ግን እስከ ጫፍ ክፈቱት። ብዙ ስክሪኖች ብርሃን ሲቀንሱ የሚደበዝዙ ይመስላሉ እንጂ በሰከንድ መቶዎች ጊዜ እየበሩ እየጠፉ ነው፣ ዓይናችን አያየውም፣ ይሄ ዳዮድ ግን አንዷንም አያልፋትም፣ ስለዚህ ቁልፍ ሳትነኩ «ተቀየረ» እያለ ያሳብዳችኋል። የፍሎረሰንት አምፖልም በእኛ 50 ሄርዝ መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል፤ ዙሪያውን በጥቁር ፕላስተር ሸፍኑት።

ዳዮዱን በደንብ እመክራለሁ። ሱቁን ደግሞ በጠዋት ከሄዳችሁ፤ ከቀትር በኋላ በርጫ ላይ ስለሆነ ዝግ ነው። መልቲሜትር ይዛችሁ ሂዱ፣ የእሱ ባትሪ የለውም።