ወረቀት የለበሰ ኮርነር ቢድ፦ ከወራት በኋላም ስንጥቁ አልተመለሰም

ኮርነር ቢድ የጂፕሰም ቦርድ ግድግዳን ወጣ ያለ ማዕዘን ቀጥ አድርጎ ከምት የሚጠብቅ የታጠፈ ረጅም ጠርዝ ነው። በሚስማር የሚመታው የብረት ዓይነት ባለበት ማዕዘን ላይ በየጊዜው የምትወጣ አንዲት መስመር አለች። ከሹሉ ጠርዝ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ገባ ብላ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ብላ ትወርዳለች፤ ከፀጉር አትወፍርም። በስቱኮ ትሞላለች፣ ቀለም ይቀባባታል፣ ጥቂት ቆይታ እዚያው ቦታ ላይ ትወጣለች። የተጎዳውን ማዕዘን ስጠግን አሮጌውን ብረት አንስቼ ወረቀት የለበሰውን ቢድ የገዛሁት በዚህች መስመር ምክንያት ነው። አሁን ወራት አልፈዋል፤ ግድግዳው ሙቀትም ብርድም አይቷል፣ አጠገቡ ያለው በርም ሲዘጋና ሲከፈት ይውላል። መስመሯ አልተመለሰችም። ይህን ያህል ይሠራል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር።

ስንጥቁ ከየት እንደሚመጣ ካልታወቀ የዚህ ቢድ ጥቅም አይገባም። በሚስማር የሚመታው ዓይነት ሁለት ባዶ የብረት ክንፎች አሉት፤ ስቱኮው በቀጥታ ብረቱ ላይ ይቀባል። ስቱኮ ወረቀትን አጥብቆ ይይዛል፤ ለስላሳ፣ ዚንክ የለበሰ ብረትን ግን እንደዚያ አይዝም። የክንፉ ዳር ያበቃበት ቦታ ላይ ስቱኮው ከብረት ወደ ቦርድ ይሻገራል፤ ሁለቱን የሚያስተሳስር ቴፕ የለም። በዚያ ላይ ቦርዱ የተመታበት የእንጨት ፍሬም እርጥበቱ ሲወጣ ይኮማተራል፤ ሚስማሩ አብሮ ስለማያጥር በቦርዱና በብረቱ መካከል ክፍተት ይፈጠራል። ከዚያ በኋላ አንድ ወንበር ጠርዙን ገጨት ቢያደርገው ምቱ እዚያው አይቀርም። ብረቱ በአንድ በኩል ሲገፋ በሌላው በኩል ያለው ክንፍ ይነሳል፤ ስቱኮውም በክንፉ ዳር ይተረተራል። ስንጥቁን ብቻ እየሞሉ መኖር የማያዋጣው ለዚህ ነው፤ የሚንቀሳቀሰው ብረት ከሥሩ እንዳለ ነው።

ወረቀት በለበሰው ቢድ ላይ የብረቱ ሥራ ለጠርዙ ቅርጽና ጥንካሬ መስጠት ነው። ወረቀቱ ከብረቱ ዳር አልፎ በሁለቱም በኩል ቦርዱ ላይ ያርፋል፣ በስቱኮም ተለጥፎ ከቦርዱ ጋር አንድ ይሆናል። ሚስማር የለውም። ፍሬሙ ሲኮማተር ቢዱ ከቦርዱ ጋር አብሮ ይሄዳል፤ የብረቱ ዳርም በወረቀት ስለተሸፈነ ስንጥቅ የሚጀምርበት ባዶ መስመር አያገኝም።

“በሚስማር ያልተመታ ብረት እንዴት ይጸናል?” የሚል ሻጭ አይጠፋም። እስቲ ያስበው፤ ሚስማር ብረቱን የሚይዘው እዚህና እዚያ ባሉ ነጥቦች ነው፤ በነጥቦቹ መካከል ያለው ብረት በአየር ላይ ነው። ስቱኮ ግን ከጣሪያ እስከ ወለል ሙሉውን ርዝመት ይይዛል። በደንብ ተለጥፎ የደረቀን የወረቀት ቢድ ለማንሳት የሞከረ ሰው የቦርዱ ወረቀት አብሮ እየተገሸለጠ እንደሚመጣ ያውቃል። ከዚህ በላይ ምን ጽናት ይፈለጋል?

ሌላው ሻጭ “ላዩን ሙሉት፣ ምን መቀየር አስፈለገ” ይላል። ይህኛው አንዳንዴ ልክ ነው። ጠርዙ ትንሽ ጎድጎድ ብሎ ብረቱ ካልላላ፣ በአውራ ጣት በሁለቱም በኩል ሲጫኑት ካልተንቀሳቀሰና ሲያንኳኩት ባዶ ድምፅ ካልሰጠ መቀየር አያስፈልግም። የወጣውን ብረት በመዶሻ ቀስ አድርጎ መመለስ፣ ከልኩ የተረፈውን በሞረድ ማስተካከልና መሙላት ይበቃል። ብረቱ ከተንቀሳቀሰ ግን መሙላቱ ስቱኮ ማባከን ነው።

አሮጌውን ስታወጡ የተጎዳውን ክፍል ብቻ አትከተሉ። ከሚታየው ጉዳት በላይና በታች አምስት አምስት ሴንቲ ሜትር ጨምሩና ምልክት አድርጉ። በሁለቱም ገጽ፣ ከጠርዙ አሥር ሴንቲ ሜትር ያህል ርቃችሁ፣ ቀለሙንና ስቱኮውን በከተር ብጡት፤ ይህ ካልተደረገ ብረቱ ሲነሳ የቦርዱን ወረቀት እስከ ግድግዳው መሃል ይገሸልጠዋል። ከዚያ ብረቱን በብረት መጋዝ ከላይና ከታች ቁረጡ፣ ጠፍጣፋ ብረት ከክንፉ ሥር አስገብታችሁ ቀስ እያላችሁ አንሱ፣ ሚስማሮቹን በፒንሳ ንቀሉ። ጉዳቱ ከማዕዘኑ ቁመት ሲሶውን ካለፈ ሙሉውን ርዝመት መቀየር ይሻላል፤ ሁለት መገጣጠሚያ ደብቆ ቀጥ ያለ ጠርዝ ማውጣት ከአንድ ሙሉ ቢድ የበለጠ ይከብዳል።

ከሥር የሚገኘው ብዙ ጊዜ ከላይ ከሚታየው የከፋ ነው። መጀመሪያ ቦርዱን ጫኑት። የሚንቀሳቀስ ከሆነ ምንም ዓይነት ቢድ አያድነውም፤ የቦርድ ብሎን ጨምሩበት። ለ12.5 ሚሊ ሜትር ቦርድ በብረት ፍሬም ላይ 25፣ በእንጨት ፍሬም ላይ 32 ሚሊ ሜትር ብሎን ይበቃል፤ ጭንቅላቱ ወረቀቱን ሳይበሳ ትንሽ ጎድጎድ ብሎ ይግባ። የተፈረፈረው ጄሶ በሙሉ ተጠርጎ ይውጣ። የቦርዱ ላይኛው ወረቀት ተገሽልጦ ቡናማው ከታየ እርጥብ ስቱኮ በቀጥታ እንዳታስነኩት፤ ቡናማው ወረቀት ውሃ ሲጠጣ ያብጥና ስቱኮው ሥር አረፋ ይሠራል። የላላውን ወረቀት በከተር ዙሪያውን ቆርጣችሁ አንሱ፣ ገላጣውን በማሸጊያ ፕራይመር ቅቡ፣ ሲደርቅ ቀጥሉ።

ለጉድጓዱ መሙያ በባልዲ የሚሸጠውን ዝግጁ ስቱኮ አልመክርም። ዝግጁው የሚጠነክረው ውሃው ተንኖ ሲወጣ ነው፤ ውሃው በወጣ ቁጥር ይኮማተራል፣ ውፍረት ያለው ቦታ ላይም ይሰነጠቃል። በውሃ የሚበጠበጠው ዱቄት ግን መሠረቱ ጄሶ ነው፤ ውሃውን ወደ ራሱ አስገብቶ ክሪስታል ይሠራልና ይዘቱ ብዙም ሳይቀንስ ይጠነክራል። ከረጢቱ ላይ የተጻፈው ደቂቃ፣ 20 ይሁን 45 ወይም 90፣ የመጠንከሪያው ጊዜ ነው። 20ውን ለትንሽ ቀዳዳ ተዉት፤ ለማዕዘን ሥራ 90ው ይሻላል፣ ለማስተካከል ጊዜ ይሰጣል። ባልዲው ንጹሕ ይሁን፤ ከበፊቱ የቀረ ደረቅ ጄሶ አዲሱን ከጊዜው በፊት ያጠነክረዋል። መጠንከር ከጀመረ በኋላ ውሃ ጨምሮ ማለስለስም አይቻልም፤ የተሠራውን ክሪስታል ትሰብሩታላችሁ፣ ግድግዳው ላይ ሲደርቅም ይፈረፈራል።

ይህ ቢድ የሚወደስበትም የሚወቀስበትም ደረጃ የመለጠፉ ነው። ቢዱን በላሜራ መቀስ ቁረጡ፤ መጀመሪያ ሁለቱን ክንፎች፣ ቀጥሎ ሹሉን ጠርዝ፤ ወረቀቱ እንዳይቀደድ መቀሱ ስለታም ይሁን። ዱቄቱን እንደ ወፍራም እርጎ በጥብጡት። በሁለቱም ገጽ ላይ ቢዱ ከሚሸፍነው ስፋት ትንሽ አልፎ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ስቱኮ ቅቡ፤ ባዶ የቀረ ቦታ አይኑር። ቢዱን አስቀምጡና ከመሃል ጀምራችሁ ወደላይና ወደታች በእጅ ጫን ጫን አድርጉት። ወረቀቱ ላይ ባሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎችና በዳሩ በኩል ስቱኮው በእኩል መጠን ብቅ ማለት አለበት። ብቅ ያላለበት ቦታ ካለ ከሥሩ ባዶ ነው፤ አሁኑኑ አንስታችሁ ጨምሩ፤ ሲደርቅ በጥፍር ብታንኳኩት ባዶ ድምፅ የሚሰጠውና በኋላ አረፋ የሚሆነው ያ ነው። ከዚያ በ15 ሴንቲ ሜትር ስፓቱላ ከጠርዙ ወደ ውጭ እየጎተታችሁ ትርፉን አውጡ። ትርፉን እንጂ ሁሉንም አይደለም። ከወረቀቱ ሥር ስስ የስቱኮ ንጣፍ መቅረት አለበት፤ አጥብቆ የጨመቀ ሰው ሙጫውን ራሱ ነው የሚያወጣው።

ስቱኮው ሳይጠነክር ልኩን ያዙ። ሹሉ ጠርዝ ከቦርዱ ገጽ ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ሚሊ ሜትር ከፍ ማለት አለበት፤ ያለዚያ በላዩ የሚመጣው ስቱኮ የሚያርፍበት ቦታ አያገኝም፣ ወረቀቱም ይጋለጣል። ረጅም ቀጥ ያለ ነገር፣ ለምሳሌ የአሉሚኒየም ዘንግ፣ በአሮጌውና በአዲሱ ጠርዝ ላይ በአንድ ጊዜ አስደግፉ፤ ብርሃን የሚያሳልፍ ክፍተት ካለ ቢዱ ገና እርጥብ እያለ በጣት ይስተካከላል። ከጠነከረ በኋላ ግን ማዕዘኑ እስካለ ድረስ ጠማማ ነው።

የቀረው የተለመደ ነው። ሲጠነክር አንድ ሽፋን በ20 ወይም በ25 ሴንቲ ሜትር ስፓቱላ፣ ሲደርቅ ሁለተኛ በ30ው፤ ስቱኮው ከጠርዙ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ ስስ ሆኖ ይለቅ። ለመጨረሻው ሽፋን ዝግጁው ስቱኮ ጥሩ ነው፤ ለስላሳ ነው፣ ለመፈግፈግም ይቀላል። እስኪደርቅ 24 ሰዓት ያህል ስጡት፤ ክፍሉ እርጥበት ካለው ከዚያም በላይ።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። “እንደ ማንኛውም ቢድ ፈግፍጉት” የሚል ሻጭ ወረቀት መሸጡን ረስቷል። የብርጭቆ ወረቀቱ ሹሉ ጠርዝ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ካለፈ ወረቀቱ ይቦጨቃል፣ እንደ ቃጫ ያለ ጭረር ያወጣል፣ ጭረሩም ቀለም ሲነካው ይጠነክርና ጠርዙ በእጅ ሲዳሰስ የሚሻክር ይሆናል። በባዶ ብረት ላይ ይህ ችግር የለም፤ ይህን ልክደው አልችልም። መፍትሔው መፈግፈግን መቀነስ ነው። ስቱኮውን በስፓቱላ በደንብ ካሳሳችሁ 150 ቁጥር ወረቀት ለገጹ ይበቃል፤ ከጠርዙ ሁለት ሴንቲ ሜትር ርቃችሁ ቁሙ፤ ጠርዙን በተጨመቀ እርጥብ ስፖንጅ አንዴ ብቻ አልፉት። ጭረር ከወጣ በፕራይመር አጠንክሩት፣ ሲደርቅ በ220 ቁጥር አንዴ አስነኩት፣ በስስ ስቱኮ ሸፍኑት። ይህን የሚያደርግ ሰው ቅሬታው አይደርስበትም፤ ግን ማሸጊያው ላይ በትልቁ መጻፍ ነበረበት።

ምት ሲያገኘውም ልዩነቱ ይታያል። የሚስማሩ ቢድ ሲመታ የስቱኮ ቁርጥራጭ ወለሉ ላይ ይወድቃል። ይህኛው ሲመታ ወረቀቱ ስቱኮውን ስለሚይዘው ትንሽ ጎድጎድ ያለ ቦታና የቀለም ጭረት ብቻ ይቀራል፤ በጣት ጫፍ ስቱኮ ይድናል።

ለሁሉም ማዕዘን ግን አይሆንም። የተሠራው ለ90 ዲግሪ ነው፤ ሰፋ ወይም ጠበብ ባለ ማዕዘን ላይ አስገድዳችሁ ብታስቀምጡት አንዱ ክንፍ ይነሳል። እዚያ ሁለት ቀጫጭን ብረት የተለጠፉበትን ተጣጣፊ የወረቀት ቴፕ ተጠቀሙ፤ የብረቱ ፊት ወደ ግድግዳው ይዙር። ውሃ የሚረጭበት ቦታ ላይ ደግሞ ወረቀትም ብረትም አይመከርም፤ የፕላስቲኩ ቢድ በሚረጭ ሙጫና በስቴፕል ይያዛል፣ አይዝግም። ደረቅ ክፍል ውስጥም ቢሆን የቢዱን ታችኛ ጫፍ ከወለሉ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ ቁረጡ። ወለል ሲወለወል ውሃው በወረቀቱ በኩል ወደላይ ይሳባል፣ የተቆረጠው የብረት ጫፍም ዚንክ ስለሌለው ይዝጋል፤ ዝገቱም በነጭ ቀለም ውስጥ አልፎ ቡናማ ሆኖ ይወጣል። ክፍተቱን በግድግዳው ሥር የሚዞረው ዞኮሎ ይሸፍነዋል።