የእናቴን ደም በዓይኑ ላየው የላብራቶሪ ባለሙያ ምስጋና

ይህን የምጽፈው ደሴ ሸዋበር አካባቢ በአንድ የግል ላብራቶሪ የሚሠራ ወንድማችንን ለማመስገን ነው። ስሙን እንዳልጠቅስ ለምኖኛል። «ሥራዬን ነው የሠራሁት፣ ፌስቡክ ላይ ካወጣሽኝ ጓደኞቼ ይስቁብኛል» አለኝ። እሺ፣ ስሙ ይቅር። የሠራውን ግን ዝም ብዬ አላልፈውም።

እናቴ የምትኖረው ኮምቦልቻ ነው። የሐሞት ጠጠር አለባት። ቅባት የነካው ምግብ ከበላች ሌሊቱን ቀኝ ጎኗን ይዛ ነው የምታድረው። አልትራሳውንድ ታየ፣ ሰርጅኑ «ይውጣ» አለ፣ ቀን ተቆረጠ። ከኦፕራሲዮኑ በፊት እንደ ደንቡ የደም ምርመራ ታዘዘ፣ ያው ሁላችንም የምናውቀው፣ የደም ሴሎች የሚቆጠሩበት ሲቢሲ። ውጤቱ ሲመጣ ፕላትሌቷ 38,000 ይላል። መሆን ያለበት ከ150,000 እስከ 450,000 ነው።

ፕላትሌት ስንቆረጥ ቁስሉ ላይ ተሰብስቦ ደሙን የሚያቆመው ትንሽ የደም ክፍል ነው። እሱ እንዲህ አንሶ ማንም ሰርጅን ሆድ አይከፍትም። ኦፕራሲዮኑ ቀረ። እኛም ከሐሞት ጠጠር ወጥተን ሌላ ጭንቀት ውስጥ ገባን።

አንድ ሐኪም ውጤቱን አይቶ «ሰውነቷ ራሱ ፕላትሌቱን እያጠፋው ነው» አለና ይህን የሚያስታግስ ፕሬድኒሶሎን የሚባል ኪኒን አዘዘ። ሌላው «መድኃኒት አትጀምሩ፣ መጀመሪያ መቅኔዋ ይመርመር፣ ጥቁር አንበሳ ሪፈር ልጻፍላችሁ» አለ። መቅኔ ሲባል ቤታችን ውስጥ ሁሉም ያሰበው አንድ ነገር ነው፤ ቃሉን ግን ማንም አላወጣውም። ሌላ ላብራቶሪ ስናሠራ ደግሞ 71,000 አለ። ያንን ያየ ሦስተኛ ሐኪም «እየጨመረ ነው እኮ፣ ቫይታሚን ትውሰድና ከወር በኋላ ኑ» ብሎ ሸኘን። እንግዲህ የቱን ነው የምንይዘው? ሦስቱም የተማሩ ሰዎች ናቸው። ሦስቱም በልበ ሙሉነት ነው የተናገሩት።

ጎረቤቱ ደግሞ አለ። ቀይ ሥር ጭማቂ ያለ አለ፣ ተልባ ያለ አለ። ወሎ አይደለን፣ አንዷ ዱዓ አስደረገችላት፣ አንዷ ጸበል ይዛ መጣች፣ እናቴም ሁለቱንም በደስታ ተቀበለች። «አብሽሪ» የማይላት ሰው አልነበረም። እሱስ ደግ ነው። እኔን ያስቸገረኝ ፕሬድኒሶሎኑ ነው። እናቴ ስኳር አለባት። ይህ መድኃኒት ደግሞ ስኳር ከፍ ያደርጋል። ያዘዘው ሐኪምም ይህን አልደበቀንም፣ «ስኳሯን እየተከታተላችሁ ነው የምትወስደው» ብሏል። ካስፈለገ ይወሰዳል። ግን በእርግጥ ያስፈልጋል ወይ?

ደሴ ያለው አጎቴ ነው የገላገለን። «ኪኒኑን ከመዋጧ በፊት እዚህ አምጫትና አንድ ልጅ ይያት» አለኝ። በማለዳ ሚኒባስ ተሳፍረን የሐረጎን ዳገት ወጥተን ደሴ ገባን።

ልጁ ገና ሲሪንጅ ሳያነሳ ነው ጥያቄ የጀመረው። «እማማ፣ ድድዎ ይደማል? ነስር አለ? ሳይመታዎት ገላዎ ላይ የሚበልዝ ነገር አይተዋል?» እናቴ ሳቀች። ጠዋት ጠዋት በመፋቂያ ጥርሷን የምትፍቅ ሰው ናት፤ ደም የሚባል አይታ አታውቅም። ትኩሳት መኖሩን ጠየቀ፣ ወባ መመርመሯን ጠየቀ። የአልትራሳውንዱን ወረቀት ተቀብሎ ጣፊያዋ አለማበጡን አየ። እስከዚያ ቀን ድረስ ወረቀቱን እንጂ እሷን የጠየቀ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል።

ደም ቀዳ፣ ማሽኑ ውስጥ አስገባ። 44,000። ሌላ ቦታ ቢሆን ይህ ቁጥር ታትሞ፣ ማኅተም ተመትቶበት በእጃችን ይሰጠን ነበር። እሱ አልሰጠንም። «ትንሽ ታገሱኝ» ብሎ ከዚያው ደም ጠብታ ወስዶ መስታወት ላይ አሰራጨ፣ ቀለም ቀባው፣ ሲደርቅ ማይክሮስኮፕ ላይ ጎንበስ አለ። ይህ ምርመራ ሞርፎሎጂ ይባላል። ማሽን የቆጠረውን ሰው በዓይኑ የሚያረጋግጥበት ነው። ውጭ የሚጠብቅ ሰው ነበር፤ አንዱ አባት በሩን ሁለቴ ከፍተው አዩት። እሱ ቀና አላለም።

ከዚያ ጠራኝና «ነይ እይ» አለኝ። በመነጽሩ ሳይ ሮዝ የሚመስሉ ክብ ክብ ነገሮች በዝተዋል፤ ጠርዙ አካባቢ ደግሞ ሐምራዊ ነጠብጣቦች ተቃቅፈው ቆመዋል። «ፕላትሌቶቹ እነሱ ናቸው» አለኝ። «አልጠፉም፣ ተጣብቀው ነው። የታክሲ ረዳት እናቲቱን ቆጥሮ ያዘለችውን ልጅ እንደሚተወው፣ ማሽኑም የተጣበቀውን ሁሉ አንድ ብሎ ያልፈዋል።»

ምክንያቱን ሲያስረዳኝ ጊዜውን አልሰሰተም። ለሲቢሲ የሚቀዳ ደም ሐምራዊ ክዳን ያለው ቲዩብ ውስጥ ነው የሚገባው። ቲዩቡ ውስጥ ኢዲቲኤ የሚባል ኬሚካል አለ። ኬሚካሉ የደሙን ካልሲየም ይይዝና እንዳይረጋ ያደርገዋል። አንዳንድ ሰው ግን ደሙ ውስጥ ኢዲቲኤ ሲያገኝ ብቻ ፕላትሌቶችን እርስ በርስ የሚያጣብቅ አንቲቦዲ አለው። ከሺህ ሰው አንድ ሰው ገደማ ላይ ይታያል። በሽታ አይደለም። ሰውነት ውስጥ ምንም አይፈጥርም፣ የሚሆነው ቲዩቡ ውስጥ ነው። ደሙ ቲዩብ ውስጥ በቆየ ቁጥር ደግሞ መጣበቁ ይብሳል። አንዱ ላብራቶሪ 38,000፣ ሌላው 71,000 ያለው ለዚህ ሊሆን እንደሚችል ያኔ ገባኝ። «እየጨመረ ነው» የተባለው ምናልባት ቶሎ ስለተቆጠረ ብቻ ነው።

በዚህም አላበቃም። «ማየት ብቻ አይበቃም፣ ቆጥረን እናረጋግጥ» ብሎ ሌላ ደም ቀዳ፤ አሁን ሰማያዊ ክዳን ባለው ቲዩብ። እዚያ ውስጥ ያለው ሲትሬት ነው። ቲዩቡ እስከ ምልክቱ ድረስ መሞላት አለበት፣ ዘጠኝ እጅ ደም ለአንድ እጅ ሲትሬት። ደሙ በዚያ ስለሚቀጥን የማሽኑ ቁጥር በ1.1 ይባዛል። ወዲያው አስቆጠረው። ማሽኑ 201,000 አለ። ሲባዛ 221,000 ሆነ። መስታወቱን እንደገና አየ፣ መጣበቁ የለም።

እናቴ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠች «እና ልጄ፣ ደሜ ደህና ነው?» አለችው።

«ደህና ነው እማማ። ቲዩቡን ነው ያልወደደው።»

ከሁሉ የወደድኩለት ግን ቀጥሎ ያደረገውን ነው። «በቃ ኪኒኑን ጣሉት» አላለም። ሐኪሞቹንም አላማም። እኔ ልማ ስል ራሱ «እነሱ የደረሳቸው ይህ ቁጥር ነው፣ በዚህ ቁጥር ሁሉም ያሉት ትክክል ሊሆን ይችል ነበር» ብሎ አፌን አስያዘኝ። ውጤቱ ላይ በግልጽ ጻፈ፤ በኢዲቲኤ የፕላትሌት መጣበቅ ታይቷል፣ በሲትሬት 221,000። «ለሐኪሟ አሳዩ፣ መድኃኒቱን የሚያስቀረው እሱ ነው፣ ጥያቄ ካለው ይደውልልኝ» አለ። ዶክተሩ ደወለለት። አወሩ፣ ተግባቡ፣ ፕሬድኒሶሎኑ ሳይጀመር ቀረ። ሰርጅኑ ደግሞ በራሱ ሆስፒታል በሰማያዊው ቲዩብ አስደግሞ አየና ቀን ቆረጠላት። ሐሞቷ ወጣ። አሁን ቤቷ ናት፣ ቅቤ ያለው ወጥ ከልክላት የነበረችውን እህቴን በተራዋ ትገስጻለች።

ሌላ የነገረን ነገር ለብዙ ሰው ስለሚጠቅም ልጻፈው። የእናቴ ደም ወደፊትም በሐምራዊው ቲዩብ ሲመረመር እንዲሁ አንሶ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ያንን ወረቀት ኮፒ አድርገን ቦርሳዋ ውስጥ አስቀምጠናል፣ ፎቶውም በሁላችንም ስልክ አለ። የትም ሆስፒታል ብትገባ ደም ከመቅዳታቸው በፊት እንነግራቸዋለን።

ደግሞ እንዳትሳሳቱብኝ። ፕላትሌት ያነሰበት ሰው ሁሉ እንደ እናቴ ነው ማለቴ አይደለም። በወባም፣ በጉበት በሽታም፣ በሌላም ከባድ ነገር በእውነት ይቀንሳል። ድድ የሚደማ፣ ነስር የማይቆም፣ ቆዳ ላይ ቀያይ ነጠብጣብ የሚወጣ ከሆነ ጽሑፍ እያነበባችሁ አትቆዩ፣ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ሂዱ። ቁጥሩ በጣም ወርዶ ሰውየው ግን ምንም ምልክት ከሌለው፣ ሐኪማችሁን «ሞርፎሎጂ ይታይልን?» ብላችሁ ብትጠይቁ ነውር የለውም። እኔ የጠየቅኳቸው ሐኪሞች አንዳቸውም አልተቆጡም።

እናቴ ምርቃቷን አድርሽልኝ ብላለች። ዓይንህን ያብራልህ፣ እጅህን ይባርከው፣ ከክፉ ይሰውርህ። ሚስት ላፈላልግለት ነው ብላ መነሳቷን ግን እሱ ገና አልሰማም፣ እዚህ ያንብበው።

ላብራቶሪውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አድራሻውን እልካለሁ። የቀድሞ ውጤታችሁን ሁሉ፣ የአልትራሳውንዱንም ጭምር ይዛችሁ ሂዱ፣ አንድ በአንድ ያየዋል። በተቻለ መጠን ጠዋት ድረሱ። ሰኞ ግን ባትሄዱ ይሻላል፣ የገበያ ቀን ስለሆነ ወረፋው አይቻልም።