ልብስ ሰፊ ወገብና የዘጠኝ ወር ፍራሽ

በየወሩ መጨረሻ አንሶላውን ገፍፌ ከፍራሹ አንድ ጎን እስከ ሌላው ጎን ክር እወጥራለሁ። ባለቤቴ አንዱን ጫፍ ትይዝልኛለች። ከዚያ ዳሌዬ በሚያርፍበት ቦታ ላይ፣ ከክሩ እስከ ፍራሹ ፊት ያለውን ክፍተት በማስመሪያ እለካለሁ። ሥራዬ ልብስ ስፌት ስለሆነ ክርና ሜትር ከእጄ አይጠፉም። አሁን የምተኛበት ስፕሪንግ ፍራሽ ቤት በገባ በመጀመሪያው ወር ክፍተቱ ግማሽ ሴንቲ ነበር፤ በአራተኛው ወር አንድ ተኩል፤ ባለፈው ሳምንት፣ ዘጠኝ ወር ሲሞላው፣ ሁለት ሴንቲ ሆኗል። በእሷ በኩል አንድም አልሞላ። እኔ 84 ኪሎ ነኝ፣ እሷ 58።

ይህን የምጽፈው እኔ ስገዛ እንዲህ ያለ ነገር የሚነግረኝ ሰው ስላጣሁ ነው። ሻጩ ሁሉ "ለወገብ የተሠራ ነው" ይላል። ሁለት ቀን ተኝቶበት "ይመቻል" የሚል ሰውም አይረባኝም፤ ለሁለት ቀን የማይመች አዲስ ፍራሽ የለም።

ሽሮ ሜዳ ውስጥ የስፌት መኪና ላይ ጎንበስ ብዬ 22 ዓመት ሠርቻለሁ። ወገቤ ቀን ቀን ሲያመኝ የሥራው ነው ብዬ ለምጄው ነበር። ያልለመድኩት የጠዋቱን ነው። ከአልጋ ስነሳ እንደ ታጠፈ ሜትር ሆኜ ነው የምነሳው፤ ካልሲ ለማጥለቅ ግድግዳ እደገፋለሁ። የነበረን ፍራሽ አሥራ አንድ ዓመት ያገለገለ ስፖንጅ ነው። መሃሉ ከመጎድጎዱ የተነሳ በየዳርቻችን ተኝተን ሌሊት እዚያው ጉድጓድ ውስጥ እንገናኝ ነበር፣ ተኳርፈንም ቢሆን።

ምክሩ አንድ ዓይነት ነው፦ ጠንካራ ላይ ተኛ። እናቴማ ፍራሹንም ጣለው ባይ ናት። "መደብ ላይ አጎዛ አንጥፎ ያደገ ሰው ወገቤን ሲል ሰምተህ ታውቃለህ?" አለችኝ። ሰምቻለሁ። አባቴ ወገቡን በመቀነት ጠፍሮ ነበር የሚያርሰው። ለእናት ግን እንዲህ ተብሎ አይመለስም፤ ዝም አልኩ።

እናም በጥቅምት 2017 መርካቶ ሄጄ የመጨረሻ ጠንካራውን ስፖንጅ ገዛሁ፤ ሜትር ከሃምሳ፣ ውፍረቱ 20 ሴንቲ፣ 16,500 ብር። "ጋሼ፣ ይሄ 30 ዴንሲቲ ነው፣ ልጅ ልጅዎ ይተኛበታል" አለኝ ሻጩ። ፖርቶመጋላ ላይ አስጭኜ ገባሁ።

ወገቤ በመጀመሪያው ሳምንት ቀለል ያለኝ መሰለኝ። በሁለተኛው ሳምንት በጎኔ የተኛሁበት ትከሻ እየደነዘዘ ይቀሰቅሰኝ ጀመር። በጀርባዬ ስተኛ ደግሞ ወገቤ ሥር ባዶ ነው፤ እጄን ብሰድ ከነእጅጌው ያልፋል። በሦስተኛው ሳምንት የጠዋቱ ሕመም እንደነበረው ተመለሰ፣ ትከሻውን ምርቃት አድርጎ። ልመልስ ብል "ላስቲኩ ተቀዷል፣ አንቀበልም" ተባልኩ። የላስቲኩን ነገር ልብ በሉ፤ ከመቅደዳችሁ በፊት የመመለሻውን ቃል ደረሰኙ ላይ አስጽፉ።

ተናድጄ ያደረግኩት አንድ ነገር ግን ጠቅሞኛል። ፍራሹን ጠቅልዬ ሰፈር ያለው ወፍጮ ቤት ሚዛን ላይ አወጣሁት። እህል ይዘው የተሰለፉት ሴቶች ሲስቁብኝ ዋሉ። ዴንሲቲ ማለት አንድ ሜትር ኩብ ስፖንጅ ስንት ኪሎ ይመዝናል ማለት ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። የኔ ፍራሽ 1.5 በ1.9 በ0.2 ሜትር ነው፤ ሲባዛ 0.57 ሜትር ኩብ። እውነት 30 ቢሆን 17 ኪሎ መድፋት ነበረበት። ከነሽፋኑ 12 ኪሎ ሆነ። 12 ለ0.57 ሲካፈል 21 ነው፣ ሽፋኑ ሲቀነስ ደግሞ ከዚያም በታች። ብዙ ሰው የሚያምታታው ይህን ነው፤ ጥንካሬና ዴንሲቲ ለየቅል ናቸው። ሲጫኑት ድንጋይ የሚመስል ግን ቀላል ስፖንጅ አለ፤ እሱ በዓመት ውስጥ ይሰረጉዳል። ለስላሳ ሆኖ ከባድ የሆነም አለ፤ እሱ ዓመታት ይቆያል። ስፖንጅ የምትገዙ ከሆነ ሜትርና ሚዛን አይጥፋችሁ።

ከዚህ በኋላ ነው ሐኪም ቤት የሄድኩት። መቅደም የነበረበት እሱ ነበር። አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ውስጥ ያለች ፊዚዮቴራፒስት አየችኝ፤ ዕድሜዋ ትልቋን ልጄን ያክላል። "የሚብስብዎ ሲነሱ ነው ወይስ ሲውሉ?" ብላ ነው የጀመረችው። ጠዋት ጠንክሮ በግማሽ ሰዓት ውስጥ የሚለቅ ከሆነ መኝታውን መጠርጠር ይቻላል አለችኝ። ከግማሽ ሰዓት በላይ ግትር ብሎ የሚቆይ፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚያስነሳ፣ ሲያርፉ ብሶ ሲንቀሳቀሱ የሚቀል፣ በተለይ ወጣት ላይ ከሆነ፣ የመገጣጠሚያ ብግነት ሊሆን ስለሚችል ፍራሽ መለዋወጥ ጊዜ ማጥፋት ነው። እግር ከከዳ፣ መቀመጫ አካባቢ ከደነዘዘ፣ ሽንት እንቢ ካለ ደግሞ ለነገ ሳይባል ሆስፒታል ነው። የኔ ከእነዚህ አንዱም አልነበረም።

ስለ ጠንካራው ፍራሽ ስነግራት ፈገግ አለች። በጎን ስንተኛ ትከሻና ዳሌ ከወገብ ይሰፋሉ፤ ፍራሹ እነሱን ትንሽ ካላሰመጠ ወገብ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ያድራል፣ ጡንቻውም ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ ያነጋል። ከመጠን በላይ ካሰመጠ ደግሞ ዳሌ ገብቶ አከርካሪ ይጎብጣል። ለልብስ ሰፊ ይሄ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ሰው ቀጥ ያለ ጣውላ እንዳልሆነ የወገብ ቅነሳ ስሠራ ነው የኖርኩት። የቆጨኝ ሞኝነቴ ብቻ ነው።

የሚጠቀስ ጥናትም አለ። በስፔን 313 የቆየ የወገብ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ግማሾቹ ጠንካራ፣ ግማሾቹ መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ፍራሽ ላይ ለ90 ቀን እንዲተኙ ተደርጎ ውጤቱ በ2003 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ወጥቷል። መካከለኛው ላይ የተኙት አልጋ ላይ ሳሉም፣ ሲነሱም ሕመማቸው ይበልጥ ቀንሶ ተገኘ። ልብ የሚባለው ነገር፣ የተጠቀሙበት መለኪያ ከ1 እስከ 10 ሲሆን 1 በጣም ጠንካራ፣ 10 በጣም ለስላሳ ነው፤ "መካከለኛ" ያሉት 5.6 ነበር፣ "ጠንካራ" ያሉት 2.3። እዚህ ገበያ ላይ መለኪያ የለም፤ አንዱ ሱቅ "መካከለኛ" የሚለው ሌላው ጋ ድንጋይ ነው። ስለዚህ ተኝቶ ከማየት ሌላ መንገድ የለም።

በጥር ባለቤቴን ይዤ ወጣሁ። ጫማ አውልቄ በየሱቁ አሥር አሥር ደቂቃ ተኛሁ፣ ማታ በምተኛበት አኳኋን፣ በጎኔ። እሷ ክሩን ከአንገቴ ሥር እስከ ጭራ አጥንቴ ወጥራ ታያለች፤ አከርካሪዬ ክሩን ተከትሎ ቀጥ ካለ ጥሩ፣ ወገቤ ላይ ከክሩ ወደ ታች ከረገበ ይቅር። አንዱ ሻጭ "ጋሼ፣ ሱሪ ሊያሰፉ ነው?" ብሎ ቀለደብን። ይቀልድ። በጀርባ ተኝቶ ደግሞ መዳፍን ወገብ ሥር መስደድ ነው፤ ሸርተት ብሎ ካለፈ ጠንክሯል፣ ጨርሶ አልገባ ካለ ለስልሷል፣ ትንሽ ታግሎ ከገባ ልክ ነው።

የወሰድነው ፖኬት ስፕሪንግ ነው፤ ውፍረቱ 24 ሴንቲ፣ ላዩ ላይ የሦስት ሴንቲ ስፖንጅ ያለው፣ 38,000 ብር። ሱቁ ውስጥ ለማሳያ የተቆረጠ አንድ ነበራቸው። እያንዳንዱ ስፕሪንግ ለብቻው ጨርቅ ኪስ ውስጥ ነው ያለው፤ ኪሱ ደግሞ መርፌ አልነካውም፣ በሙቀት የተጣበቀ ነው። በተለመደው ስፕሪንግ ፍራሽ ሽቦዎቹ እርስ በርስ የተጠላለፉ ስለሆኑ አንዱ ሲገላበጥ ሌላው ይናጣል። በዚህኛው ባለቤቴ ለጸሎት አሥራ አንድ ሰዓት ስትነሳ አልሰማትም።

ደስታው ግን አንድ ሳምንት ነው የቆየው። ሳምንት ተኝቼበት የፍራሹ መሃል የላላ መሰለኝ። አንስቼ ባየው ጥፋቱ የፍራሹ አልነበረም። የአልጋው ርብራብ በጣውላና በጣውላ መሃል 12 ሴንቲ ክፍተት ነበረው፤ አንዷ ጣውላ ደግሞ ተሰንጥቃለች። ያ አሥራ አንድ ዓመት የረገምኩት አሮጌ ስፖንጅ እንኳ ግማሽ ኃጢአቱ የአልጋው ሳይሆን አይቀርም። አናጢ ጠርቼ ክፍተቱን ወደ አምስት ሴንቲ አስጠበብኩ፣ መሃል ላይ መሬት የሚነካ እግር አስጨመርኩ። በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ በትንሽ ብር ትልቅ ለውጥ ያየሁት እዚህ ላይ ነው። አንዳንዱ ሰው ኮምፔንሳቶ ያነጥፍበታል፤ ይሠራል፣ ግን ቀዳዳ ካልተበሳለት አየር አይገባም። ክፍተት እያለው እንኳ በነሐሴ ፍራሹን ሳነሳው ሥሩ እርጥበት ይዞ ነበር፤ ግድግዳ አስደግፌ አናፈስኩት።

ወገቤስ? ጠዋት ከአሥር ሰባት እሰጠው የነበረው ሕመም ስድስተኛው ሳምንት ገደማ ላይ ሦስት ሆነ፣ አሁንም ሦስትና ሁለት መሃል ነው። ካልሲዬን ቁጭ ብዬ ነው የማደርገው፤ ፊዚዮቴራፒስቷ ሌሊት የአከርካሪ ዲስኮች ውኃ መጥጠው ስለሚያብጡ ጠዋት እንደተነሱ ማጎንበስ አይበጅም ብላኛለች። በጎን ስተኛ በጉልበቶቼ መሃል ትራስ አደርጋለሁ። የቀኑን ሕመም ግን ፍራሹ አልነካውም። የፋሲካ ሰሞን የሐበሻ ቀሚስ ትእዛዝ ተደራርቦ አሥራ አራት ሰዓት መኪና ላይ ስውል፣ በዚሁ ፍራሽ ላይ ተኝቼ ወገቤ ሰባቱን ደገመው። በዓሉ አልፎ ሥራው ሲቀዘቅዝ ተወኝ። ከዚያ በኋላ የመኪናውን ጠረጴዛ በስምንት ሴንቲ ከፍ አስደረግኩ፣ በየአርባ ደቂቃው ተነስቼ ደጅ ድረስ እሄዳለሁ። እሱ ነው የረዳኝ።

ጉድለቱን ልናገር። ጠርዙ ደካማ ነው። ጫማ ለማሰር ዳር ላይ ስቀመጥ ወደ ውጪ ያንሸራትተኛል፤ ለወገብ ሕመምተኛ ደግሞ የሚነሳበት ቦታ ጠንካራ መሆን አለበት። ፍራሹን ለማዞር ስንጎትተው በአምስተኛው ወር አንደኛው እጀታ ተነቅሎ ቀረ፤ እጀታው የተያዘው በስፌት ብቻ ነው፣ ከሥሩ መደገፊያ ጨርቅ አልተደረገለትም። የማዕዘኑ ስፌትም ተተረተረ፤ በቆልማማ መርፌ ራሴ ሰፋሁት። የእኔ ተለማማጅ እንዲህ ሰፍቶ ቢያመጣ አስፈታው ነበር። ስፖንጁ አንድ ፊት ላይ ብቻ ስለሆነ መገልበጥ አይቻልም፣ ራስጌውን ወደ ግርጌ ማዞር ብቻ ነው፤ በየሦስት ወሩ እናዞረዋለን። የአምስት ዓመት ዋስትና ሰጥተውኛል፣ ነገር ግን ካርዱ ዋስትናው የሚሠራው የመጎድጎዱ ልክ ከአራት ሴንቲ ካለፈ ነው ይላል። ክሩን የምወጥረውም ለዚሁ ነው።

ባለቤቴ አልተመቻትም ነበር። ለእኔ መካከለኛ የሆነው ለ58 ኪሎ ጠንካራ ነው፤ ትከሻዋ አልሰምጥ አለ። በእሷ በኩል ብቻ የአምስት ሴንቲ ለስላሳ ስፖንጅ አስቆርጬ ሽፋን ሰፋሁለት፤ ዳርና ዳሩ አንሶላ ሥር ትንሽ ደረጃ ሠርቷል፣ ተለማምደነዋል። እህቷ ከዱባይ ሻንጣ ውስጥ ጠቅልላ ያመጣችላት ሜሞሪ ፎም የሚባል ስፖንጅ ንጣፍም ነበር፤ እሱ ለመለስለስ ሙቀት ይፈልጋል። ሐምሌ ላይ እንደ ቀዘቀዘ ቅቤ ይጠጥራል፣ እስኪሞቅ ግማሽ ሌሊት ያልፋል። ድሬዳዋ ላሉት ወንድሞቿ ላክነው፤ እዚያ ደግሞ ያልባል እያሉ ነው።

ሁለቱን ፍራሽ የገዛሁበት ብር ዛሬ አንድ ላይ ቢኖረኝ መጀመሪያ አናጢ እጠራለሁ፣ ከዚያ ጠርዙ ጠንከር ያለ ፖኬት ስፕሪንግ እፈልጋለሁ። 38,000 ከሌለ አልጋው ተስተካክሎ፣ በሚዛን የተረጋገጠ ስፖንጅ ላይ ስስ ለስላሳ ንጣፍ መደረብ ይበቃ ነበር። ያ 12 ኪሎ የመዘነው ስፖንጅ አሁን የልጄ ነው። 17 ዓመቱ ነው፤ በሆዱ ተዘርሮ፣ አንድ እግሩን መሬት ላይ ጥሎ እስከ ሦስት ሰዓት ይተኛበታል። "ምን ሆነ፣ ይመቻል እኮ" ይለኛል።